ጉበት የላከው መልእክት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ አያ ጅቦ ከሚስቱ ከእመት ጅቢት ጋር ከገደል ሥር ይኖር ነበር። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ለሚስቱ አጥንት እንኳ አስተርፎ አያውቅም።

አንድ ማለዳ ሜዳ ላይ የሞተ በሬ አገኘ። ባለከብቶቹ አውሬ ለመግደል መርዝ አብልተውት ነበርና ከጠረኑ የተነሣ አንድም አሞራ አልወረደበትም። አያ ጅቦ ግን «ዛሬስ ተሻሚ የለብኝም!» ብሎ ሽንጡን ገመጠ። ምን እንደነካው እንጃ፣ የዚያን ቀን ሚስቱ ትዝ አለችው። ምርጡን ብልት፣ ጉበቱን፣ ሳይቀምስ ይዞላት ሄደ።

እሱ በሆድ ቁርጠት ብቻ ተረፈ። መርዙ የተጠራቀመው የበሬው ጉበት ላይ ነበርና ያን የበላችው እመት ጅቢት ታመመች። ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ገላዋን አሳከካት፣ ምግብ አስጠላት።

እመት አሞራ ከገደሉ ላይ ሆና አየቻትና እንዲህ አለች፦ «አያ ጅቦ፣ እኔ ስንት ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ። ጉበት አፍ የለውም፤ ሲጎዳ መልእክቱን በደም ይልካል። ማሳከኩም፣ ምግብ ማስጠላቱም ‹ሸክም አቅልሉልኝ፣ ልጠገን› ማለቱ ነው። ውሃ ስጣትና ጥላ ሥር ትተኛ። ጊዜ ከሰጡት መልሶ ያገግማል።»

«ዝም ብዬ ልያት? ይሄም ሕክምና ሆነ?»

«ከባዱ ሕክምና እሱ ነው።»

አያ ጅቦ ግን ሚስቱ ስታቃስት ሰምቶ መቻል አቃተው። ቅጠል በጣሿ እመት ቀበሮ ዘንድ ሮጠ።

«እንኳን ወደ እኔ መጡ፣ አያ ጅቦ! የእኔ ቅጠል የሕመምን አፍ ያስይዛል» አለችው።

«ዋጋውስ?»

«ኋላ እንነጋገራለን።»

እመት ጅቢት የቅጠሉን ጭማቂ ጠጣች። ማሳከኩ ጠፋ። «ጅቦዬ፣ ዳንኩ መሰለኝ፤ እስቲ የምበላው ስጠኝ» አለች። አያ ጅቦ በደስታ እየዘለለ ጮማ አመጣላት። እንደገና ቅጠሉን፣ እንደገና ጮማውን ሰጣት። ዓይኗ ይበልጥ ቢጫ ሲሆን «ፀሐዩ ነው» አለ። የዋህ!

ብዙም ሳይቆይ ሆዷ አብጦ ወደቀች። «ጉበቱን ያመጣህልኝ ቀን» አለችው ቀስ ብላ፣ «እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ይህን እንዳለች ትንፋሿ ቆመ።

እመት አሞራ ወርዳ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ሕመሙ እኮ ለቋት ነበር!» ብሎ አለቀሰ አያ ጅቦ።

«ዝም ያለው መልእክተኛው ነው፣ ወንድሜ። ቁስሉማ እዚያው ነበር። ቅጠሉንም ጮማውንም የተሸከመው ያው የቆሰለ ጉበት ነው።»

ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ከተፍ አለች። «ለቅሶው ይበቃል፣ አያ ጅቦ። ሥጋዋ ሳይበላሽ እንካፈል። ዋጋዬ እሱ ነው።»

አያ ጅቦ ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ እምቢ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጥርሱን አሳይቶ አባረራት። ተመልሶም ከሚስቱ አጠገብ ተኛ። ሆዱ በረሃብ ሲጮህ እየሰማ አልተነሣም።

ከዚህ የምንማረው ሕመም ሲናገር አፉን ለማስያዝ ከመሮጥ የሚለውን መስማት እንደሚሻል፣ የወደድነውን ለማዳንም አንዳንዴ ከማጉረስ ይልቅ ማሳረፍ እንደሚያስፈልግ ነው።