ደብሪቱ በረት ያደረችው ላም

በወይራ ውሃ ቀበሌ አንድ አባባል አለ። ሰው በአደራ የያዘው ነገር እንደ ሀብቱ ሲቆጠርበት፣ ወይም አንድ ሹም በር ላይ ቆሞ ያየውን ብቻ ጽፎ ሲሄድ ይነገራል። ዛሬ ገበያ ላይ ወጣቶች እየሳቁ ሲሉት እሰማለሁ። መነሻውን ስለማያውቁ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በቦታው ነበርኩ። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለነበርኩ ቁጥሩን የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።

ከምዝገባው በፊት ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀበሌው አራት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ አለው። ከእነዚህ ዘጠና ስድስቱ በሴፍቲኔት ታቅፈዋል። ሰማንያ አንዱ ጉልበት ስላላቸው ተራራው ላይ እርከን እየሠሩ ስንዴ ይቀበላሉ። የቀሩት አሥራ አምስት በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት ስለማይችሉ ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል። ልኩ ለአንድ ሰው በወር አሥራ አምስት ኪሎ ነው። ከአሥራ አምስቱ አንዷ እማማ ደብሪቱ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ነው። ከአራት ዓመት በፊት እርከን ሲሠሩ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ያለ ምርኩዝ ከቤት እስከ አጥር አይደርሱም። ዓይናቸው የጠፋ ታላቅ እህታቸው እንኳየሁ አብረዋቸው ይኖራሉ። ለሁለቱ ሠላሳ ኪሎ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ሁለት ዶሮ እንጂ የረባ ነገር አልነበራቸውም።

በግቢያቸው ግን አንዲት ዳለቻ ላም ከነጥጃዋ ታድራለች። የእሳቸው አይደለችም። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት አቶ ዳምጠው በርቢ የሰጧቸው ናት። ርቢ በአገሩ የቆየ ልማድ ነው። ባለከብቱ መኖ ሲያጥረው ላሙን ሰው ዘንድ ያሳድራል። አርቢው ይቀልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል፣ ኩበቷን ያነዳል። የመጀመሪያው ጥጃ ለባለቤቱ፣ ሁለተኛው ለአርቢው ይሆናል። ከብቱ የሞተ እንደሆነ አርቢው ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ በምስክር ፊት ማሳየት አለበት፤ አለዚያ አርደህ በላኸው ይባላል። የዳለቻዋ የመጀመሪያ ጥጃ ሞታ ነበር። በአባ ሰንጋ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ ከቆዳ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ መግፈፍን እኔው እከለክል ነበር። የሞተችው ግን በሆድ መነፋት ነው። ደብሪቱ ቆዳዋን አስገፍፈው፣ ጎረቤታቸውን ሸህ ይማምን ምስክር ይዘው፣ በዚያ ዳሌያቸው ወንዝ ተሻግረው ለአቶ ዳምጠው አሳይተዋል። አቶ ዳምጠው ቆዳውን ተቀብለው፣ «የሞተ አይቆጠርም፤ የሚቀጥለው ጥጃ የእኔ ነው» ብለው መለሷቸው።

አቶ ዳምጠው በዚህ መንገድ ሰባት ከብት በስድስት ሰው ግቢ አሳድረው ነበር። የራሳቸው በረት ባዶ ነው። እሳቸውም ከዘጠና ስድስቱ አንዱ ነበሩ፤ ለአምስት ነፍስ ሰባ አምስት ኪሎ ይወስዳሉ።

ላሟን ሲሰጡ ደብሪቱን አንድ ቃል አስገብተዋቸዋል።

«እትዬ፣ መዝጋቢ ከመጣ ስሜን እንዳይጠሩ።»

«ምነው?»

«የሰው ዓይን ክፉ ነው።»

ደብሪቱ ለእህታቸው ወተት ፈልገው ነበርና ማሉ። የአገሩ ሰው ደግሞ ምሎ የተረከበውን ነገር እንደ ነፍሱ ይጠብቃል። ከላሟ ጋር ያልተጋበዘ እንግዳም መጣ። ጅብ በየጊዜው ከእሾህ አጥሩ ሥር እየተኛ ይጠብቃት ጀመር።

በጥር ወር ከወረዳ አቶ ናሁሰናይ የሚባል ባለሙያ መጣ። የመጣው ሀብት ሊመዘግብ ነው። ሀብት ያፈራ አባወራ «ይመረቃል»፣ ማለትም ከድጋፉ ይወጣል። ከወይራ ውሃ ሃያ አባወራ እንዲመረቅ መታቀዱን ገና ስንጀምር ነገረኝ። ልብ በሉ፤ ስንት ሰው ሀብት እንዳፈራ ሳይታወቅ ስንት ሰው እንደሚወጣ ታውቆ ነበር። ዘጠና ስድስት ቤት በሦስት ቀን ማዳረስ ነበረብን። እኔ የከብቱን ዓይነትና ቁጥር እንድጽፍ ተመደብኩ። ደብሪቱ ግቢ የቆየነው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ሰዓቴን አይቻለሁ።

«እማማ፣ ላሟ የእርስዎ ናት?» አለ ናሁሰናይ።

«በአደራ ነው ያለችው፣ ልጄ።»

«የማን አደራ?»

ደብሪቱ ምርኩዛቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ። «የሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«ስምማ አለው። እኔ ደግሞ ቃል አለብኝ።»

«እንግዲህ ስሙ የማይነገር ባለቤት ምን ብዬ ልጻፍ?»

በዚህ ጊዜ ገባሁበት። «የርቢ ላም ናት፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል» አልኩት። ቅጹን ወደ እኔ አዞረው። «በግቢው የተገኘ ከብት ነው የሚለው። ርቢ የሚል ዓምድ ካለ አሳየኝ።» ፈለግሁ። አልነበረም።

እንኳየሁ ከውስጥ ሆነው፣ «ደብሪቱ፣ መንግሥት ነው የመጣው? የጅቡን ነገር ንገሪያቸው እንጂ» አሉ።

ደብሪቱ እያነከሱ ወደ አጥሩ ወሰዱን። የተኛበት መሬት ተደልድሏል፤ የጅቡ ዱካ አዲስ ነበር። «ይኸው፣ ሰሞኑን ሦስት ሌሊት እዚህ ተኝቶ ነው ያደረ። እኔና እህቴ ቆርቆሮ ስንደበድብ ነጋ።»

«እሱ የእኔ ሥራ አይደለም፣ እማማ። እኔ የምመዘግበው ከብት ነው።»

እንድጽፍ ነገረኝ። ጻፍኩ። ላም፣ አንድ። ጥጃ፣ አንድ። ብዕሩን መጣል እችል ነበር፤ አልጣልኩትም።

በየካቲት መጨረሻ ሃያዎቹ ተመረቁ። ድንኳን ተተከለ፣ ንግግር ተደረገ። ደብሪቱ ተጠርተው «በራሳቸው ጥረት ከድህነት የተላቀቁ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ተጨበጨበላቸውም። ወረቀቱን ተቀብለው ለሰጣቸው ሰው፣ «ይኼ በወር ስንት ኪሎ ነው?» አሉት። ሰው ሳቀ። ሰውየው ቀጣዩን ስም ጠራ።

በመጋቢት ስንዴ አልመጣላቸውም። ደብሪቱ እንደገና ወንዝ ተሻግረው አቶ ዳምጠው ደጅ ሄዱ። እኔ የአቶ ዳምጠውን በግ ላክም እዚያው ነበርኩ።

«ዳምጠው፣ ከቃሌ ፍታኝ» አሉ።

«ትንሽ ይታገሱ፣ እትዬ። ዝም ካሉ ጥጃዋን ለእርስዎ ተውኩ።»

«ጥጃዋ እስክታድግ እንኳየሁን ምን ላጉርሳት?»

«ወተት አለላችሁ አይደል?»

«ላሟ ሣር ሳትበላ ታልባለች? ሣሩን የምገዛው ከስንዴው ቀንሼ ነበር።»

አቶ ዳምጠው የበጉን እግር የያዙበትን እጅ አላላሉም። «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ።

«ልጆችህ እርከን መሥራት ይችላሉ። እኔ ዳሌዬን እዚያው እርከን ላይ ትቼው መጥቻለሁ።»

አቶ ዳምጠው ወደ በጉ ዞሩ። ደብሪቱም ቀበሌ ሄደው ቅሬታ አስገቡ። ጉዳዩ ለግንቦት አሥራ ሁለት ተቀጠረ። በግንቦት ስምንት አቶ ዳምጠው መጥተው ላሟንና ጥጃዋን ነዱ፤ ከወንዙ ራስ አጠገብ አንዲት ሌላ ድሃ ቤት አሳደሯቸው። ስለ ጥጃዋ የተገባው ቃል አብሮ ተነዳ።

የቅሬታ ኮሚቴው ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ከዋርካው ሥር ተቀመጠ። አባላቱ አምስት ናቸው። አምስተኛው አቶ ዳምጠው ነበሩ። ከሳሽ የምትከሰውን ሰው ዳኛ አድርጎ የሚያስቀምጥ አገር ምን ዓይነት ፍርድ ይጠብቃል?

ሰብሳቢው መዝገቡን ገልጦ አነበበ። «ላም አንድ፣ ጥጃ አንድ። አሁን የታሉ?»

«የሉም» አሉ ደብሪቱ።

«ሸጠዋቸዋል ማለት ነው።»

«አልሸጥኩም። ባለቤታቸው ወሰዳቸው።»

«ማነው ባለቤቱ?»

ደብሪቱ ወደ አቶ ዳምጠው ዞሩ። እንዲናገሩ ጊዜ ሰጧቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ቃሉን ያስገቧቸው ሰው እንዲፈቱላቸው እንጂ ራሳቸው ሊያፈርሱት አልፈለጉም። አቶ ዳምጠው ጫማቸው ላይ የተጣበቀ ጭቃ በእንጨት ይፍቁ ነበር።

«እንግዲህ አምላክ ይፍታኝ» አሉ ደብሪቱ። «ዳምጠው ነው።»

«እኔ ላም የለኝም» አሉ አቶ ዳምጠው፣ ቀና ሳይሉ። «በረቴን መዝጋቢዎቹ አይተውታል።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ አየ። «አይተኸዋል?»

«ባዶ ነው» አልኩ። «ባዶ የሆነው ግን ከብቶቹ ሰው ግቢ ስለሚያድሩ ነው።»

«የክትባት መዝገብህ ላይ ዳለቻዋ በማን ስም ናት?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ክትባት ላይ የምጽፈው ከብቱን ነድቶ ያመጣውን ሰው ስም ነው፤ የርቢ ላም የሚያመጣው ደግሞ አርቢው ነው። «በደብሪቱ ስም» አልኩ። ምክንያቱን ማስረዳት ስጀምር ሰብሳቢው እጁን አነሳ። የገዛ መዝገቤ መሰከረባቸው።

ያን ጊዜ ሸህ ይማም ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ተናገሩ። ሰማንያ የተጠጉ፣ ድምፃቸው የማይጮኽ ሽማግሌ ናቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። አምና ጥጃዋ ስትሞት ይቺ ሴት ቆዳውን ተሸክማ ዳምጠው ደጅ ሄዳለች። ምስክሩ እኔ ነኝ። ዳምጠው ቆዳውን ተቀብሎ አገላብጦ አይቷል። የራሱ ጥጃ የሞተችበት ሰው ቆዳዋን ለማን ያሳያል?»

ከዋርካው ሥር የነበረው ሰው አጉረመረመ። የአገሩ ተወላጅ ሁሉ ይህ ማስረጃ ከማኅተም እንደሚበልጥ ያውቃል። ከአምስቱ ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሳቢው ግን ቅጹን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ፈተሸ።

«ሸሁ፣ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ቆዳ የሚጻፍበት ቦታ ግን እዚህ የለም።»

«ታዲያ ቦታ አበጁለታ።»

«ቅጹ ከላይ ነው የመጣው።»

«እኛስ ከየት ነው የመጣን?» አሉ ሸህ ይማም።

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። ውሳኔውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ አመልካቿ አንድ ላምና አንድ ጥጃ ነበራቸው፤ በራሳቸው ፈቃድ ሸጠዋል፤ ቅሬታቸው ተቀባይነት የለውም። ላሟ ስትኖር ባለሀብት አሰኘቻቸው፤ ስትሄድም ሀብቱን የሸጠ ሰው አሰኘቻቸው። ቆማ ከሰሰቻቸው፣ ሄዳም ከሰሰቻቸው። አቶ ዳምጠው ከአራቱ ጋር ፈረሙ፤ ብዕሩን ያቀበላቸው ሰብሳቢው ነው።

ደብሪቱ ወደ ዝርዝሩ የተመለሱት ስንዴው ከቆመ ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ አዲስ ምዝገባ ሲደረግ ነው። ሲወጡ በነበረው ልክ፣ በሠላሳ ኪሎ ሲባዛ፣ አራት መቶ ሃያ ኪሎ ስንዴ ነው። ዝርዝሩ ላይ የተመለሰው ልክ ግን ሠላሳ ሳይሆን አሥራ አምስት ኪሎ ነበር፤ እንኳየሁ በአሥረኛው ወር ሞተው ነበርና። በእነዚያ አሥራ አራት ወራት የአቶ ዳምጠው ሰባ አምስት ኪሎ አንድም ጊዜ አልተጓደለም።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልታወቀም። ሰብሳቢው መዝገቡን ሲዘጋ ደብሪቱ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሱ፤ ሸህ ይማምም ደግፈዋቸው ወደ መንገዱ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ቆሙና፣ ሽማግሌው ወደ አምስቱ ዞረው፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «በደጅ ያደረ ሁሉ ከብት ከሆነ፣ ጅቡንም ጻፉት» አሉ።