ደምለው የያዘው ውል

ሰው በጥድፊያ ነገር ሲያበላሽ የምንላት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን የማይላት የለም፤ ለሷ መነሻ ስለሆነችው ነጠላ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ደምለው የሚባል በቅሎ ጫኝ ነጋዴ ነበር። እጁ ፈጣን፣ ጆሮው ግን ዘገምተኛ። ሚስቱ አንጓች ለበዓል ነጠላ ሳይገዛላት ቢቀር አኩርፋ አባቷ ቤት ገባች። «ነጠላዬን ሳይዝ ደጄን እንዳይረግጥ!» ብላም ላከችበት። እሱም ጥለቷ የሚያምር ነጠላ ገዝቶ፣ እንዲያስታርቁት ሽማግሌውን አባ ውቤን ለምኖ መንገድ ጀመሩ።

መንገድ አጋማሽ ላይ ዝናብ ያዛቸውና እትዬ አስናቁ ከሚባሉ ጥጥ ፈታይ ቤት ተጠለሉ። እትዬ አስናቁ ድመት ተጫውታበት የተተበተበ ልቃቂት ታቅፈው ድመቷን ይራገማሉ።

«በዚህ ነው እንዲህ የሚማረሩት?» አለ ደምለው። «እኔ እኮ የአርባ በቅሎ ጭነት አስሬ የምፈታ ሰው ነኝ! ዝናቡ ሳያባራ ከፈታሁት ያንን ጥግ የቆመውን አውራ ዶሮዎን እወስዳለሁ። ካቃተኝ ይህችን ነጠላ ይውሰዱ።»

«ተው ደምለው፣ የሚስትህ ናት» አሉ አባ ውቤ።

«አይዞዎት አባ፣ አንጓች ነጠላዋን ከነዶሮው ታገኛለች።»

ልቃቂቱን ተቀብሎ ከመሃል ያገኘውን ክር መዠረጥ አደረገው።

«ኧረ ልጄ፣ መጀመሪያ ውሉን ያዝ!» አሉ እትዬ አስናቁ።

«ይዣለሁ!» አለና ሌላውን ሳበ።

«ውሉን ያዝ እንጂ!»

ደምለው ፊቱ ቀላ። «እትዬ፣ እኔ ውሌን የምበላ ሰው እመስላለሁ? በሽማግሌ ፊት የተናገርኩትን አልክድም!»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። እሳቸው የክሩን ጫፍ ይላሉ፣ እሱ ውርርዱን ይላል። ሊያስረዱት አፋቸውን ከፈቱና ነጠላዋን አዩዋት። መልሰው ገጠሙት። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም፤ ነጠላዋ በእውነት ታምር ነበር።

«እንግዲያ ውልህን ያዝ፣ ልጄ» አሉት ዝግ ብለው።

ደምለው በጥርሱም በጉልበቱም ጎተተ። ዝናቡ ሲያባራ ልቃቂቱ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እትዬ አስናቁ ነጠላዋን አጣጥፈው አስቀመጡና ድቡልቡሉን ክር አስታቀፉት።

«ይህስ ከእንግዲህ ላንተ ነው።»

አማቱ ቤት ሲደርሱ አንጓች ራሷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ነጠላዬስ?»

ደምለው ከጉያው ድቡልቡሉን አወጣ። «ያው... ነጠላም እኮ የሚሠራው ከክር ነው።»

አንጓች ተቀብላ አገላብጣ አየችው። መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና በሩን ዘጋችው።

ደምለው ወደ አባ ውቤ ዞሮ «አንድ ነገር ይበሉልኝ እንጂ!» ብሎ ለመነ። ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው፣ በትራቸውን አንስተው ወደመጡበት እየዞሩ፣ «ምን እላለሁ ልጄ፤ ውሉን ሳይዝ የጎተተ፣ ቋጠሮ ሸመተ» አሉት።