በሆድ ሳለች ወግ የሰማች ልጅ

፦ ተረት ተረት!
፦ የመሠረት!
፦ የላም በረት!

እሰይ! ግማሻችሁ «የመሠረት»፣ ግማሻችሁ «የላም በረት» አላችሁ። ይሁን፣ ሁለቱም ደግ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ግድግዳውን ደገፍ በይ። የዛሬው ተረት ላንቺም ለሆድሽም ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር፣ ባይለየኝ የሚባል ገበሬና አንጓች የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ሰባት ዓመት ልጅ አጡ። ተሳሉ፣ ጸለዩ። በስምንተኛው ዓመት አንጓች ፀነሰች። አቤት ደስታ! ባይለየኝማ በሬ ጠምዶ ሲያርስ ብቻውን ይስቅ ነበር።

የባይለየኝ እናት እመት ውዴም አብረዋቸው ይኖራሉ። እመት ውዴ ክፉ አልነበሩም፤ ግን የድሮ ደንብ ጠባቂ ነበሩ። ነፍሰ ጡር እንቁላል አትብላ፣ ወተት አትጠጣ ይላሉ።

፦ ልጁ ሆድሽ ውስጥ ከወፈረ ምጡ ይጠናብሻል። እኔም እንዲሁ ነው የወለድሁት፤ አሏት።

አንጓችም እሺ አለችና ደረቅ ቂጣ በላች። እንስራ አዝላ ዳገት ወጣች። ከዚያም እንጨት ለቀመች። ከዚያም እህል ፈጨች። ጉንጯ ጎደጎደ። እግሯ አበጠ። በስድስተኛው ወር አንድ ቀን ወፍጮውን ትታ ሆዷን ያዘች።

፦ ባይለየኝ፣ ከትናንት ጀምሮ አልተላወሰም፤ አለችው።

ባይለየኝ እንዳይሆን ሆኖ ሮጠ። ወንዙን ተሻገረና አዋላጇን እማማ ትጓደድን ይዞ መጣ። እማማ ትጓደድ የዚያን አገር ልጅ ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ ባልቴት ናቸው። የአንጓችን ዓይን ገለጥ አድርገው አዩ። ሆዷን ዳሰሱ። ከዚያም ቀና አሉና፦

፦ ወተት አምጡ! አሉ።

አንጓች ጠጣችና በጎኗ ጋደም አለች። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ አንዲት ትንሽ ርግጫ መጣች።

፦ አለ! አለ! ብላ አንጓች አለቀሰች።

፦ ስማ ባይለየኝ፣ አሉ እማማ ትጓደድ። የልጅ አጥንቱም ልቦናውም የሚሠራው አሁን ነው። የሚሠራውም በእናቱ ጉርሻ ነው። አንተ ከመዝራትህ በፊት ማሳህን ታለሰልስ የለም? ይቺንም አብላት። ሸክሟን አቅልልላት። አታስከፏት። ደግሞም ልጁን አዋሩት፤ ይሰማችኋል።

እመት ውዴ ሳቁ።

፦ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ሊሰማ? እንግዲያማ ድንጋዩንም እናዋየው!

በማግስቱ ባይለየኝ እንስራውን ራሱ አዝሎ ምንጭ ወረደ። ያን ጊዜ ወንድ ውሃ መቅዳቱ ነውር ነበር። ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ።

፦ ባይለየኝ፣ መቼ ነው የምትወልደው? አሉት።

፦ በግንቦት! አላቸውና ዳገቱን ወጣ።

አመሻሽ ላይ ከእርሻ ሲገባ ከሚስቱ ሆድ ፊት ቁጢጥ ይላል።

፦ እንዴት ዋልህ ጌታዬ? ወይስ እንዴት ዋልሽ እመቤቴ? ዛሬ ቀዩ በሬ አስቸገረኝ። እምቢ ብሎ ከፈሩ መሃል ተኛ! ይላል።

አንጓች ትስቃለች። ስትስቅ ሆዷም ይንቀጠቀጣል። እመት ውዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አንድ ቀን ግን ሳያስቡት፦

፦ ታዲያ በሬው በኋላ ተነሣ? አሉ።

ግንቦት ገባና አንጓች በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ! እልል ተባለ። ሕፃኗ ግን ማልቀስ ጀመረች። አዋላጇ እሹሩሩ አሏት፣ እምቢ። እናቷ ጡት ሰጠቻት፣ እምቢ። እመት ውዴ ተቀበሏት፣ ባሰባት። ባይለየኝ ወንድ ነውና ከደጅ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ቢጨንቀው አፉን ከግድግዳው ቀዳዳ ላይ ገጠመና፦

፦ እንዴት ዋልሽ እመቤቴ! ቀዩ በሬ ዛሬም አስቸገረኝ! አለ።

ሕፃኗ ዝም አለች። ያቺን ቡጢ የምታህል ራሷን ወደ ግድግዳው ዞር አደረገች።

እመት ውዴ ባሉበት መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

፦ ታውቀዋለች! አሉ። ከዚያም ወደ አንጓች ዞሩና እንዲህ አሉ፦ እኔ አምስት ወልጄ ሦስቱን ቀበርሁ። ሁሉንም እየተራብሁ ነው የተሸከምኋቸው። የነገረኝም የለ።

አንጓች እጃቸውን ያዘች።

፦ እመይቴ፣ አሁን ይቺን ይያዙልኝ፤ አለቻቸው።

ያዙ። ከያዙም አልለቀቁ! ስሟን ልብወርቅ አሏት። ለአራሷ ገንፎውን በቅቤ እያራሱ አበሏት። አንጓችም ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር አጠባቻት። እመት ውዴ አዝለዋት ሲዞሩ «ይህ ግራር ነው፣ ይህ ጉንዳን ነው፣ ይቺ ጎረቤታችን ናት፣ ወሬ ትወዳለች» ይሏታል። ልጅቱ «አጉ» ስትል ሦስቱም «እውነትሽን ነው!» ይላሉ። አፍ ከፈታች በኋላም «ዝም በይ» ያላት የለም። ውሃ ለምን ቁልቁል ብቻ ይወርዳል? ጉንዳን መንገዱን ማን ያሳየዋል? ትላለች። ቄሱ እንኳን ሲያዩዋት መንገድ ይቀይሩ ነበር!

ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የሚያዝያ ሠርግ ደረሰ። ሙሽራው የዚህ ማዶ፣ ሙሽሪት የዚያ ማዶ ናት። ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ወንዙ ዳር ደረሱ። ልብወርቅም ከአያቷ ከእመት ውዴ ጋር ከአጃቢው መካከል ነበረች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የሙሽራው በቅሎ እግሯን ውሃ ውስጥ ስታስገባ ልብወርቅ ጮኸች።

፦ አትግቡ! ውሃ እየመጣ ነው!

፦ በዚህ ፀሐይ? ብሎ አንዱ ሚዜ ሳቀ።

፦ ውሃው አተላ መስሏል። ያውና የአስታ ቅርንጫፍ ይዞ መጥቷል። አስታ ያለው ተራራው አናት ላይ ብቻ ነው። እዚያ ዘንቧል ማለት ነው፤ አለች።

፦ ልጅ ናት፣ ተዋት! እንለፍ! አሉ ሌሎቹ ሚዜዎች።

ይህን ጊዜ እመት ውዴ ነጠላቸውን አደግድገው ከበቅሎዋ ፊት ቆሙ።

፦ የሚሻገር በእኔ ሬሳ ላይ ይሻገር! አሉ።

ሰው አጉረመረመ። በቅሎዋም ወደኋላ አለች። ብዙም አልቆየ፤ ከላይ እንደ ነጎድጓድ ጓ አለ። ጎርፉ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ መጣና በቅሎዋ ቆማበት የነበረውን ድንጋይ ይዞት ሄደ።

ሁሉም አፉን ያዘ። ከዚያም እልልታው ቀለጠ! ሙሽራው ቢዘገይባት ሙሽሪትም ከነአጃቢዎቿ ከወዲያ ማዶ ደረሰች። መሻገር የለም። ታዲያ ምን ተደረገ? ከዚህ ማዶ ከበሮ ተመታ፣ ከዚያ ማዶ ተጨበጨበ። ይህ ማዶ ዘፈን ሲያወርድ ያ ማዶ ተቀበለ። እንደዚያ ያለ ሠርግ ታይቶም አይታወቅ! ሚዜዎቹ ልብወርቅን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ጨፈሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎርፉ ጎደለና ሙሽሪት ተሻገረች። ከበቅሎዋም ወረደችና ከሙሽራው በፊት ልጅቱን አቅፋ ሳመቻት።

ተረቴም እዚህ ላይ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ። እናንተ ጆሯችሁ ጠግቧል፤ በሉ አሁን ተራው የእኔ ሆድ ነው፣ ዳቦውን ወዲህ በሉ!