ሆራውን ያስከፈተው ድኩላ

ላውጋችሁ? «አውጋን» በሉ። ጆሯችሁ ከኔ ጋር ነው? «ካንተ ጋር ነው» በሉ። እንግዲያው ስሙ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ ይናገር በነበረበት፣ ዕቃም ቢሆን ሲከፋው ዝም በማይልበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ሥር አንድ ሸለቆ ነበረ። በሸለቆው ሣር አለ፣ ጥላ አለ፣ ወንዝ አለ። ሆራ ግን የለም። ሆራ ጨው ጨው የሚል ምንጭ ነው፤ እሱን ያልጠጣ እንስሳ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ወተቱ ይነጥፋል፣ ግልገሉ ይከሳል። ሆራው ያለው ከተራራው ወገብ ላይ ነበር። ከርከሮና ወገኖቹ ግን በእሾህ አጥረው «የኛ ነው» ብለው ተቀምጠውበታል።

በተራራው አናት ላይ የእንስሳት ሸንጎ ነበረ። እያንዳንዱ አገር አንድ እንደራሴ ይልካል፤ እንደራሴውም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ ይከራከራል። የሸለቆው እንስሳት እንደራሴያቸውን የሚመርጡት እንዲህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ከዋርካው ሥር ይቆማሉ። መራጩ አንድ ጠጠር ይዞ ይመጣና ከወደደው እግር ሥር ያስቀምጣል። ተወዳዳሪ ለራሱ ጠጠር አያስቀምጥም፤ ነውር ነው።

በዚያ ሸለቆ ድኩላ ይኖር ነበር። ብቻውን የሚግጥ፣ ብቻውን የሚተኛ፣ ሲናገርም ቃሉን ሁለት ጊዜ አኝኮ የሚያወጣ ነበር። ወዳጁ አንድ ብቻ ነው፤ ሚዳቋ።

«ተወዳደር» አለው ሚዳቋ አንድ ቀን።

«እኔ? ልናገር ስነሣ እኮ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጠቀጥ። ሸንጎ የሚከራከረው አፍህ እንጂ ጉልበትህ አይደለም።»

«አፌም ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲያው ስትዋሽ ያስታውቅብሃል። ከዚህ የተሻለ እንደራሴ ከየት ይመጣል?» አለና ሚዳቋ ሳቀ።

ድኩላ አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ከዚያም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ፣ ከጎሬ ወደ ጎሬ እየዞረ «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም «ሆራ» አሉት። እሱም «እንግዲያው ሆራውን አስከፍታለሁ» አላቸው።

ከእርሱ ጋር የምትወዳደረው እመት ጦጢት ነበረች። ከቅርንጫፍ ላይ ሆና «እናንተው! ድኩላን ከላካችሁት እሱ አፉን እስኪከፍት ሆራው ይደርቃል!» አለች። ሁሉም ሳቁ። ሳቁና ጠጠራቸውን ከድኩላ እግር ሥር አስቀመጡ። የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀመጠው ሚዳቋ ነበር።

ድኩላ ተራራውን ወጣ። በርጩማውን አገኘና ከጫፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ለምን ጫፌ ላይ ትቀመጣለህ?» አለው በርጩማው።

«እንዳልከብድህ ብዬ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ብለው ነው የሚጀምሩት። ደግሞም ሁሉም ቶሎ እንሄዳለን ይላሉ።»

«እኔ ሆራውን እንዳስከፈትኩ እነሣለሁ።»

«እሱንም ይላሉ» አለ በርጩማው።

የሸንጎው ዳኛ ጎሽ ነበር። የጎሽ ሕግ አንዲት ናት፤ «ነገር ያቀረበ፣ ነገሩ እስኪቋጭ ከበርጩማው አይነሣ። ከተነሣ ነገሩ ወደቀ።» በሕጉ ምክንያት አንዱ ነገር ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ድኩላ ተራውን ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ የእንደራሴነት ዘመኑ አለቀ፣ ተራው ሳይደርስ ቀረ።

ወደ ሸለቆው ወርዶ እውነቱን ተናገረ። «ተራ አልደረሰኝም። ቀጥሎ ያለሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ተመለሰ!» አለች እመት ጦጢት። «ይኼንንማ ጅራቴም ይችለዋል!»

ያም ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ መረጡት። ጠጠሩ ከፊተኛው አነሰ። የመጀመሪያውን ጠጠር ያስቀመጠው አሁንም ሚዳቋ ነበር።

በሁለተኛው ዘመን ተራው ደረሰ። ድኩላ ቆሞ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ የሆራውን ነገር አቀረበ። ተመልሶም ተቀመጠ። ከርከሮ መልስ ለመስጠት ተነሣ። ስለ ቅድመ አያቱ ቀንድ የሚያህል ጥርስ ተናገረ። ስለ አጥሩ እሾህ ዘር ተናገረ። ጀንበር ጠለቀች፣ ወጣች፣ ከርከሮ ይናገራል። ነገሩ ገብቶታል፤ ድኩላን በክርክር ባያሸንፈው በማሰልቸት ያስነሣዋል። ድኩላ ግን እዚያው በላ፣ እዚያው አንቀላፋ፣ አልተነሣም።

ከዕለታት አንድ ቀን ቁራ ከሸለቆው መጣ።

«አባ ኤሊ ዐረፉ። አገሩ ለቅሶ ላይ ነው፤ አንተን ይጠብቃሉ።»

ድኩላ ደነገጠ። ቢነሣ ሆራው ወደቀ። ባይነሣ ለቅሶ ቀረ።

«ምን ልበልልህ?» አለ ቁራ።

«እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ድኩላ ግን ጠንቃቃ ነው። እንዲህ ሲል አሰበ፤ «ይህ ቃል መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚባል ነው። በቁራ አፍ ከላክሁት መቀለድ ይሆንብኛል።» ስለዚህ «ሆራው ሲከፈት እመጣለሁ በላቸው» አለ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ቁራም ሄዶ ለቅሶው መካከል ቆሞ፣ የተነገረውን ቃል ሳያጎድል «ሆራው ሲከፈት እመጣለሁ ብሏል» አለ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

ቁራ ሁለተኛ መጣ። «የእማማ ጃርት ልጅ ጎርፍ ወሰዳት።»

ድኩላ ዓይኑን ጨፈነ። «ሆራው ሲከፈት እመጣለሁ በላት።»

«አንድ ቃል ብትጨምርስ?» አለው በርጩማው።

«ሄጄ እላታለሁ። ያለ ቦታው የተነገረ ቃል ዋጋ የለውም።»

«እኔ ዕቃ ነኝ፣ ስለ ለቅሶ አላውቅም» አለ በርጩማው። «ዝም ሲሉ ግን አውቃለሁ።»

ሦስተኛ መጣ። በዚህኛው ቁራው አልጮኸም፤ ከፊቱ አርፎ ክንፉን ሰበሰበ።

«ማን ነው?» አለ ድኩላ።

«ወዳጅህ ነው።»

የድኩላ የኋላ እግሮች ሳያዛቸው ብድግ ማለት ጀመሩ። ከርከሮ አየና ንግግሩን አቋርጦ፣ «አያ ድኩላ፣ ሂድ እንጂ!» አለ። «ወዳጁ ሞቶበት የሚቀመጥ ምን ዓይነት ነው? ሂድ፣ እኛ እንጠብቅሃለን።» የከርከሮ ወገኖች አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ።

ድኩላ የሚዳቋን ግልገሎች አሰበ፤ ጠጉራቸው የረገፈውን፣ አጥንታቸው የሚቆጠረውን። እግሮቹን መልሶ አጠፈ።

«ሆራው...» ብሎ ጀመረ።

«አውቄዋለሁ» አለ ቁራ። «ሲከፈት ትመጣለህ።» ብድግ ብሎም በረረ።

የዚያን ቀን በርጩማው «ከበድህ» አለው። ከዚያ ወዲያ በሸንጎው ውስጥ ያነጋገረው አንድም አልነበረም፤ እሱም ያነጋገረው የለም።

በመጨረሻ የከርከሮ ቃል አለቀ። ያላነሣው ቅድመ አያት፣ ያልቆጠረው እሾህ አልቀረም። ጎሽም «ሆራው የሁሉም ነው፤ አጥሩ ይፍረስ» ብሎ ፈረደ።

ድኩላ ቁልቁለቱን እየዘለለ ወረደ። ከዋርካው ሥር ደርሶ «ሆራው ተከፈተ!» አለ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ አገሩ ሁሉ ነቅሎ በሌላው መንገድ ሆራ ሊጠጣ ወጥቷል። ድኩላ ባዶ አገር መካከል ቆሞ ጠበቃቸው።

ጠግበው ሲመለሱ አፋቸው ገና እርጥብ ነበር። የምርጫ ቀን ነበርና ጠጠራቸውን አነሡ። ድኩላ በዚህ፣ እመት ጦጢት በዚያ ቆሙ። ጠጠሩ ጠጠር ላይ ቋ፣ ቋ እያለ ወደቀ፤ ሁሉም ከእመት ጦጢት እግር ሥር። ከድኩላ እግር ሥር ያለው ሣር እንደቆመ ቀረ።

እማማ ጃርት በአጠገቡ ስታልፍ፣ «እማማ፣ ሆራውን ጠጣሽ?» አላት።

«ጠጣሁ ልጄ። እግዜር ይስጥህ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጄ የሞተች ጊዜ ጦጢት መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ሌላ ያደረገችው የለም። ለቅሶው እስኪነሣ ድረስ አንዲት ቀልድ አልቀለደችም። ጦጢት! ምን ያህል እንደጨነቃት አስበው እስቲ። ካንተ ዘንድ ደግሞ ቁራ መጣና ስለ ውሃ ነገረን።»

«የሄድኩት እኮ ለውሃው ነው» አለ ድኩላ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ያን ቀን ግን የጠማኝ ውሃ አልነበረም።»

ድኩላ ወደ ሚዳቋ ጎሬ ሄደ። የሚዳቋ ሚስት ከደጇ ትግጥ ነበር። አየችውና ቀና አለች። እሱም አፉን ከፈተ።

«ተወው፣ አትበለው» አለችው። «ለቅሶው ተነሥቷል። ለቀስተኛ በተቀመጠበትም ሣር በቅሎበታል።»

«እንግዲያው ልሂድ?»

«ሂድ አላልኩህም።»

ድኩላ ራቅ ብሎ ተንበረከከ። እሷም ወደ ሣሯ ተመለሰች። ከቆየች በኋላ፣ ዞር ሳትል፣ «ልጆቹ ጠጥተዋል» አለች። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘሉ አየኋቸው። እሱ ቢኖር ጠጠሩን ላንተ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ግን አንተ ሳትመጣልኝ ያለቀስኩ ነኝ፤ አልቻልኩም።»

«ልክ ነሽ» አለ ድኩላ።

ከዋርካው በኩል የእመት ጦጢት ወገኖች እልልታ ይሰማል። ሁለቱ ግን ጥላው እስኪረዝም ድረስ፣ እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆነው ቆዩ።

ድኩላ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው የሚሄደው። በጫካ ውስጥ ብታገኙት፣ በድንገት ቆም ይላል፤ ጆሮውን ወደ መንደር ያዞራል፤ አንድ እግሩንም ከመሬት አንሥቶ ይቆያል፣ ልሂድ ወይስ ልቅር እንደሚል።

ከተራራው ላይ ያሉት ድኩላ ልክ ነበር ይላሉ። ከሸለቆው ያሉት ተሳስቷል ይላሉ። ሆራውን ግን ሁለቱም ይጠጡታል። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተም ለሚሰማ ንገሩ። ሽማግሌዎች ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ፤

ውሃ ያጠጣ ይመሰገናል፤ ለቅሶ የደረሰ ይመረጣል።