ከአንሙት አንገት የወረደው አባባል

አብረውት መኖር የሚከብድ፣ ያለ እሱም መኖር የማይቻል ሰው ሲያጋጥም፣ በእኛ አገር ሽማግሌዎች አንዲት አባባል ጣል አድርገው ዝም ይላሉ። ወጣቶቹም ይደግሟታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቁም። የመጣችው አንሙት ከሚባል ገበሬ አንገት ነው።

አንሙት ከማተቡ ጋር ካራ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ካራው የፍየል ቆዳ አፎት ውስጥ ገብቶ፣ በጠፍር ታስሮ ደረቱ ላይ ይወዛወዛል። ሲያርስም ሲተኛም አያወልቀውም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ብቻ ወደ ጀርባው ያዞረዋል።

ሰው ቢስቅበትም ጥቅሙን የሚክድ አልነበረም። ገደል የገባ ወይም ሆዱ የተነፋ ከብት ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ ሥጋው አይበላም፤ የጅብ ነው። ባለቤቱ ቢላዋ ፍለጋ ቤቱ ደርሶ እስኪመለስ ከብቱ ያልቃል። የአንሙት ካራ ግን ከአገጩ ሥር ናት። የስንቱን ጎረቤት ከብት ከጅብ አፍ አትርፋለች። ጉዳቱ ደግሞ ካራ የቀረበው ሰው ሐሳብ የሚርቀው መሆኑ ነው።

የአንሙት መቀናጆ ቢሻው የሚባል ጎረቤቱ ነበር። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ስላላቸው፣ በሬዎቻቸውን አጣምረው የአንዱን ማሳ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ ያርሳሉ።

ዓቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል አንሙት በቢሻው ደጅ ሲያልፍ፣ ቢሻው ለፋሲካ የሚያደልበው በግ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ዓይኑን ገልብጦ ተጋድሞ አየ። ተጣራ፤ ቤት ውስጥ ሰው የለም። በጉን በእግሩ ነካ ቢያደርገው አቃሰተ። አንሙት ከልቡ አዘነ። ሰውዬው ጾሙን ሙሉ የደከመበት በግ ለጅብ ሊሆን ነው። ሥጋው ቋንጣ ሆኖም ቢሆን ለፋሲካ ይደርሳል ብሎ፣ የበጉን አንገት ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ «በስመ አብ» ብሎ አረደው።

ቢሻውና ሚስቱ ሲመለሱ አንሙት ጥሩ ሥራ እንደሠራ ሰው እያፏጨ ቆዳውን ይገፍፋል። የሆነውን አስረድቶ ምስጋና ጠበቀ። የቢሻው ሚስት ግን ራሷን ያዘች። ጠዋት የጠላ አተላ ለበጉ ደፍታለት ነበር የወጣችው፤ በጉ ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሮ ነው የተኛው።

ቢሻው በጉንም አንሙትንም አየና፣ «ሰክሮ የተኛ ሁሉ የሚታረድ ከሆነ፣ ባለፈው ጥምቀት አንተን ማን ተወህ?» አለው። ከዚያ በኋላ አላናገረውም። በሬውንም ለይቶ ወደ ቤቱ ነዳ።

አንሙት ምትክ በግ ይዞ ሰው ላከ። ቢሻው በጉን ከነመልእክተኛው መለሰው። «ከእሱ ቤት የመጣ በግ እዚህ ጎረቤት ሆኖ እንቅልፍ አይወስደውም» አለ።

ፋሲካ አለፈ፤ ደመናው መክበድ ጀመረ። ቢሻው ከአማቹ በሬ ጋር አቀናጅቶ ማረሱን ቀጠለ። አንሙት ግን ሌላ የሚያቀናጀው ሰው አልነበረውም፤ ሁሉም ጥንዱን ይዟል። በአንድ በሬ አይታረስ ነገር ማሳው ጦም ሊያድር ነው። ሚስቱ እንጉዳይ ጎተራውን አይታ ስትመለስ፣ «ከርሞ የምንበላው ምንድን ነው፣ ካራህን?» አለችው።

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡ። የመንደሩ አንጋፋ አያ ልየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉብታው ላይ ካለችው ጥድ ሥር እንዲገናኙ ቀጠሩ። አንሙት እንደ ደንቡ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ቢሻው እግር ላይ ይወድቃል፤ የዕርቁን በግም ያመጣል፤ በጉ ታርዶ አብረው ሲበሉ ነገሩ ይዘጋል። ዕርቅ ላይ ብረት አይገባምና ማንም ስለት እንዳይዝ ተነገረ።

እሑድ ጠዋት እንጉዳይ ካራውን እንዲያወልቅ ለመነችው። አንሙት ያለ ካራው አንገቱ እንደሚቀለው ነገራት።

«ድንጋይ ልትሸከምበት አይደል?» አለችው። «አይቀልህም።»

እሺ ብሎ ወጣ። ካራውን ግን ከእጀ ጠባቡ ሥር ደበቀው።

ጥዷ ሥር ቢሻው ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። አንሙት ድንጋዩን ተሸክሞ፣ እንደሚገባ ቀስ እያለ መጥቶ አጎነበሰ። ሲያጎነብስ አፎቱ በአንገትጌው በኩል ወጥቶ ተዘቀዘቀ፤ ካራዋም ሾልካ በቢሻው ሁለት እግሮች መካከል መሬት ላይ ተተከለች።

ቢሻው እግሮቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ።

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ልታርደኝ?»

«ለበጉ ነው፣ ወንድሜ» አለ አንሙት ከድንጋዩ ሥር።

«ያን ጊዜም ለበጉ ነበር።»

አያ ልየው እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። ካራዋን ነቅለው ከጉብታው ሥር ወዳለው የአጋም ጥሻ ወረወሯት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ብዙ ለመኑ። ቢሻው ድንጋዩን አውርድ አለ፤ ለእነሱ ክብር ሲል ይቅር እንዳለም ተናገረ። በሬውን ግን እንደማይሰጥ ጨመረበት። አንሙት ድንጋዩን ቢያወርድም ጀርባው አልቀና አለ።

በዚሁ ይብቃ ተብሎ በጉ ቀረበ። አንዱ ሽማግሌ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ዘረጋ። የሚያቀብለው የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እያንዳንዱ ካራ የማስመጣቱን ነገር ሌላው ያሰበበት መስሎት ነበር። መንደሩ ደርሶ ለመመለስ ቁልቁለቱም ዳገቱም ሩቅ ነው፤ ደመናው አናታቸው ላይ ደርሷል፤ ሁሉም ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

አያ ልየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ አንሙት፣ ያቺ ካራህ በየት በኩል ነው የወደቀችው?»

«የወረወሯት እርስዎ ነዎት፣ አያ።»

እነዚያ የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው በአራት እግራቸው አጋሙ ውስጥ ገቡ። ቢሻው መጀመሪያ ተቀምጦ አያቸው። ቆይቶ ረኃቡ ጸናበትና እሱም ከኋላቸው ገባ። ብዙም ሳይሄድ እሾሁ ጋቢውን ከላይም ከታችም ያዘው፤ ወደፊትም ወደኋላም ማለት አቃተው። እንደዚያ ተይዞ ሳለ ቀና ቢል፣ አንሙት ካራዋን አግኝቶ፣ በእጁ ይዞ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እሱ ይመጣል።

«ቀስ በል» አለ ቢሻው። «አልሰከርሁም።»

አንሙት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም። አጎንብሶ እያንዳንዱን እሾህ ከሥሩ ቆረጠ፤ ከጋቢው አንዲት ክር እንኳ አልነካም። ቢሻው ሲፈታ ጋቢውን ገልብጦ መረመረ፤ ቀዳዳ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ነገ ቀንበሩን አሰናዳ፤ በሬዬን ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ካራህን ግን ማሳው ላይ ወደ ጀርባህ አዙረህ ጠብቀኝ።»

አያ ልየው ከጥሻው የወጡት በመጨረሻ ነበር። መዳፋቸው ላይ እሾህ ተሰብሮባቸዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጥፍራቸው ቢሞክሩ አልወጣ አላቸው። እጃቸውን ወደ አንሙት ዘረጉ፤ የካራዋን ጫፍ ሲያዩ ግን መልሰው ሰበሰቡት፤ ደግሞ ዘረጉት። ራሳቸውን ነቅንቀው እንዲህ አሉ፦ «የአንገት ካራ፣ ሲያዩት ያስፈራ፣ ሲያጡት ያስጠራ።»