ፊቷ ያለቀው ሥዕል

አንድ ሠዓሊ ነበረ፤ በፈረንሳይ አገር፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት። የእሱን ነገር ከመናገሬ በፊት ግን፣ ቀጸላ፣ ጥያቄህን ልድገመው፤ ኋላ «ሌላ ነበር የጠየቅሁት» እንዳትለኝ። በደብርህ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሣልህ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምእመናኑ ሲስሟትና ሲዳስሷት ፊቷን ጨረሱት። «የኔታ፣ እንደ አዲስ ልሣላትና በፍርግርግ ልከልላት?» አልኸኝ። ስትጠይቀኝ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አይቻለሁ። እንግዲህ ስማ።

ይህ ሠዓሊ ግድግዳ አይሥልም። የሚሥለው በመጽሐፍ ውስጥ፣ ከመዳፍህ በማይበልጥ ብራና ላይ ነው። ሰማያዊውን ቀለም በምሥራቅ ካለ ሩቅ አገር ከሚመጣ ድንጋይ ይፈጨዋል፣ በእንቁላል ነጭ ይለውሰዋል፣ በባሕር ዛጎል ያስቀምጠዋል። ወርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ የሚጣበቅበትን ቦታ በትንፋሹ እያራሰ ይለጥፈዋል። ጥፍር የሚያህል ፊት ለመሣል ሳምንት ይቀመጣል። አንተ በሁለት ቀን ግድግዳ ትጨርሳለህ፤ ይቅርታ፣ እሱን ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።

አንድ ባለጸጋ ለሚስቱ የጸሎት መጽሐፍ አሠራ። በግራው ገጽ ባለጸጋው ራሱ የወርቅ ካባ ለብሶ፣ ተንበርክኮ ተሣለ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲንበረከኩም ካባቸውን አይረሱም። በቀኙ ገጽ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሣለች። ሠዓሊው በዕድሜው ከዚያ የተሻለ ፊት ሥሎ አያውቅም።

አሥር ዓመት አለፈ። ባለጸጋው መጽሐፉን ይዞ መጣና ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ቀለምህ ረገፈ» አለ። «ዓይን የለ፣ አፍ የለ። ከንጉሥ ቤት እንግዳ ይመጣብኛል፤ ይህን ነው የማሳየው? በአንድ ሳምንት አድሰህ አስረክበኝ። አለዚያ በማይረባ ቀለም የምትሠራ መሆንህን ለከተማው ሁሉ እናገራለሁ።»

የሠዓሊው ደም ፈላ። ሠዓሊ ያለው ስሙ ነው፤ ቀለሙ ይረግፋል ከተባለ መጽሐፍ የሚያሠራው የለም። እኛስ ብንሆን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንል የለም? ባለጸጋው እንደ ሄደ ሁለቱን ገጾች አስተያየ። ካባው ትናንት እንደ ተሣለ ያበራል። የእመቤታችን ፊት ግን ባዶ ብራና ሆኗል። ሁለቱን የሣላቸው በአንድ ወር፣ ከአንድ ዛጎል ቀለም እየነከረ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የቀለሙ አይደለም። «ሥራዬን ማን እንዳበላሸው ሳላውቅ ብሩሽ አልነካም» አለና መጽሐፉን ታቅፎ ወደ ባለጸጋው ቤት ሄደ።

ሚስትየዋ ወጣች። መጽሐፉን በእጁ ስታይ ጉዳዩ ገባት።

«እኔ ነኝ፣ አይቆጡኝ» አለች። «ልጄ አልጋ ከያዘ ሰባት ዓመቱ። ማለዳ ማለዳ ከአጠገቡ ሆኜ እስማታለሁ። መጀመሪያ ከንፈሯ ጠፋ፣ ከዚያ ዓይኗ። እያጠፋኋት እንደሆነ አይቻለሁ። መተው ግን አልሆነልኝም።»

«አሁንስ? ፊት በሌለው ቦታ ምኑን ይስማሉ?»

«ቦታዋን አውቀው የለም እንዴ?» አለች።

ሊቆጣ የሄደው ሰው መጽሐፉን እንደታቀፈ ተመለሰ። አንጀቱን በላችው። ቤቱ ሲገባ ግን ቀለሙን በጠበጠ፣ ብሩሹንም ነከረ፤ ሰው ነዋ፣ ስሙን ይወዳል። ብሩሹን ከብራናው በላይ እንደያዘ ብዙ ቆየ። ያ ባዶ ቦታ የሰባት ዓመት ሥራ ነው፤ እሱ የሣለው ፊት ግን የአንድ ሳምንት ነበር። የሷን ሥራ በምን እጁ ይሸፍነው? ብሩሹን አጠበና ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ልቡ አላመነታም።

ባለጸጋው በቀጠሮው መጣ።

«አልነካሁትም፣ አልነካውምም» አለው ሠዓሊው።

«የእንጀራ ገመድህን እንደምበጥስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ይበጥሱት።»

በጠሰውም። ያ ሠዓሊ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ አልተሰጠውም፤ የመጠጥ ቤት ምልክትና የወታደር ጋሻ እየቀባ አረጀ። የመጽሐፉ ነገር በተነሣ ቁጥር ግን ቀና ብሎ ነበር የሚናገረው። ልጁስ ዳነ ወይ ትለኛለህ። አላውቅም። እኔም ድኖ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ቀጸላ፣ ሠዓሊው አንተ ነህ፤ ሚስትየዋም ያ የደብርህ ሕዝብ ነው። የታመመበት፣ የሞተበት፣ ልጁ ርቆ የሄደበት ሁሉ መጥቶ ከሥዕልህ ላይ ትንሽ ትንሽ ይዞ ሄዷል። አንተ አበላሹብኝ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ሥዕልህን ተረከቡህ እላለሁ። ፍርግርጉን ተወው። ከበሩ አጠገብ የሣልኻቸውን፣ ያማረ ልብስ የለበሱትን ሰብአ ሰገልንስ? ዛሬም እንደ አዲስ ናቸው ብለህ ስትመካ ሰምቼሃለሁ። ነገ ሄደህ ከፊታቸው ቁምና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እጁን ያልዘረጋላቸው ለምን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። እንደ አዲስ የምትሥል ከሆነ እነሱን ሣል።