የአቤት ሰፈር ሦስተኛ ጥሪ

ከፒያሳ ቁልቁል ተወርዶ ወንዙ ዳር ሳይደረስ፣ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ከጭቃው ግድግዳ የሚያጣብቅበት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደረበበት መንደር አለ፤ አቤት ሰፈር ይባላል። እኩሌታው በቅርቡ ፈርሶ በአጥር ተከልሏል፣ እኩሌታው ተራውን ይጠብቃል። በቀረው በኩል ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው የግድግዳ ጎረቤቱ ነው፤ የአንዱ ቤት ጠብ የሁሉም ቤት እራት ማወራረጃ ነው። እንግዳን የሚገርመው ግን ሌላ ነው። በመተላለፊያው ቆሞ አንድ ስም ከጠራ፣ የተጠራው ሰው ባይኖር እንኳ ከሆነ ቤት «አቤት!» ይመጣለታል። የሰፈሩ ሰው ለመጀመሪያው ጥሪ ይመልሳል። ከፖሊስ የተደበቀ ጎረምሳ ስሙ ሲጠራ አልጋ ሥር ሆኖ «አቤት» ብሎ ተያዘ እየተባለ ይሳቃል። «የአቤት ሰፈር ሰው አፉ ከራሱ ይቀድማል» ይላሉ ከወንዙ ማዶ ያሉት።

ሳቁ ግን ግራዋው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። በመንደሩ መካከል አንድ ደሳሳ ቤት ሊያቆም የሚችል ባዶ መሬት አለ። ለአንድ ክንድ ቦታ ወንድማማች በሚካሰስበት ሰፈር፣ በዚያ መሬት ላይ ምሰሶ የተከለ ሰው የለም። የቀረው የአንድ በር ደፍ ድንጋይና ከአጠገቡ የበቀለ ያረጀ ግራዋ ነው። ጋን ማጠቢያ ቅጠል የፈለገች ሴት ወንዝ ተሻግራ ታመጣለች እንጂ ከዚህኛው አትቀነጥስም። በደፉ ላይ ውሃ የሞላ ዕቃ አይጠፋም፤ ድሮ ቅል ነበረ፣ ዛሬ የፕላስቲክ ጆግ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ ነገሩ የተጀመረው ያ ክፉ የኅዳር በሽታ ከተማዋን በመታበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ መንደሩ ስም አልነበረውም፤ ከጌቶች ግቢ አጥር ሥር የተጠጋ ሰው የሰፈረበት ቁልቁለት ነበር። በዚያ መንደር አንዳርጌ የሚባል ውሃ ተሸካሚ ይኖር ነበር። የመጣበትን አገር ተናግሮ አያውቅም። ከአንድ ባለጸጋ ጭነት ኋላ በእግሩ ተከትሎ ከተማ እንደገባ፣ ጭነቱ ሲራገፍ በቅሎዎቹ ጋጣ እንዳገኙና እርሱ እንዳላገኘ ይነገራል። ከውሻ ጋር ተጣብቆ ያደረባቸው ክረምቶች ነበሩ ይባላል። እርሱ ግን ስለዚያ ሲጠየቅ «አለፈ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረውም።

አንድ ማለዳ እናኑ የምትባል ንፍሮ ሻጭ በሯን ብትከፍት ደፉ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

«ተነሣ» አለችው። «ንፍሮ የምሸጠው በሬን ከፍቼ ነው እንጂ ሬሳ ተሻግሬ አይደለም።»

«የት ልሂድ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ! እንስራው እዚያ አለ። ሙላና ና፤ ከዚያ የምትሄድበትን ታስባለህ።»

ሞልቶ መጣ፤ የሚሄድበትን ግን አላሰበም። እንጨት በሚከመርበት ጥግ ተኛ፤ ክረምትና በጋም በዚያው አለፈ። እናኑ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብላው አታውቅም። ሰው «ይህ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቃት «ይኼማ ተገትሮ የቀረ ነው» ትል ነበር። ንፍሮው ሲወጣ ግን መጀመሪያ የሚዘገነው ለእርሱ ነበር።

ካስተማረችው ነገር አንዱ ይህ ነው ይባላል። «ደጅ ሆኖ ስምህን የሚጠራ ሁሉ ሰው አይደለም። በመጀመሪያው አቤት አትበል፤ በሁለተኛውም አትበል። ክፉ ነገር የሥላሴን ቁጥር ስለሚፈራ ሦስተኛ አይደግምም። ሦስተኛውን የጠራ፣ እሱ ሰው ነው።»

«ሰው ሆኖ ቢቸኩልስ?»

«የቸኮለ ይሂድ። ጉዳዩ ከሆነ ይደግማል።»

ይህ የእርሷ ብቻ አልነበረም፤ የመንደሩ ሁሉ እምነት ነበር። በሽታው ሲገባ ደግሞ ባሰ። ሞት የሚያውቁትን ሰው ድምፅ ሰርቆ በስም ይጠራል፣ የመለሰለትን ይዞ ይሄዳል ተባለ። ሰው በሩን ዘጋ። ጎረቤት ለጎረቤት ዝም አለ፤ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሌለ የሚያውቅ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ ባሻ ይርዳው የሚባሉ፣ መንደሩ ቃላቸውን የሚሰማላቸው አሮጌ ወታደር አንዳርጌን አስጠሩት። በየደጁ ግራዋ ነበረና አንድ እቅፍ ቆርጠው ሰጡት።

«ቤት እንዳትገባ» አሉት። «ደጅ ቆመህ በስሙ ጥራ። አቤት ካለህ ከደጁ ባለው ዕቃ ውሃ ቅዳለት። ዝም ካለህ ከዚህ አንዱን በደፉ ላይ ጣል፤ የሚቀብሩት ያዩታል። ውሃ ለሕያው፣ ግራዋ ለሙት።»

እንስራውን በጀርባው፣ ግራዋውን በመቀነቱ አድርጎ ይዞር ጀመር። የመንደሩን ልማድ ያውቃልና በየደጁ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጠራል።

«ዘነቡ! ዘነቡ! ዘነቡ!»

«አቤት!» ትላለች ጠላ ሻጯ ዘነቡ ከውስጥ እየሳለች። «ገና አለሁ! ግራዋህን ወዲያልኝ፤ የጠላ ጋኔን እንኳ አላጥብበትም!»

እንዲህ ያለ ቀልድ የሚሰማበት ደጅ ግን ከቀን ቀን አነሰ።

እናኑ እስክትታመም ንፍሮዋን በነጻ ታድል ነበር ይባላል። ትኩሳቱ ሲይዛት አንዳርጌን አስወጣችው። «ባሻ ዘንድ እደር። አንተ ብትወድቅ ውሃውን ማን ሊሸከም ነው?»

«አንቺንስ ማን ያስታምምሻል?»

«ስሙን እንደረሳኸው አገርህ እኔንም ደህና አድርገህ ርሳኝ!» ብላ ተቆጣች፤ ወዲያው ግን ድምፅዋ ረገበ። «ስትመጣ እንደማንም ጥራኝ። ሦስት። ድምፅህን ብሰማም አላምንም፤ በሽታው ድምፅ ይሰርቃል።» በሩን ዘግታ ከውስጥ ቀረቀረችው።

ከዚያ ወዲያ በየዕለቱ ይጠራታል፤ በሦስተኛው «አቤት» ትለዋለች። የጠጣችበትን ቅል አፉን ወደ ታች ደፍታ ደፉ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እርሱ ያቃናዋል፣ ይቀዳል፣ ይሄዳል። «አቤት» የምትልበት ድምፅ ግን በየዕለቱ ከበሩ እየራቀ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ግራዋው ቶሎ አለቀ። ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሄድ ሲጥል፣ ሲጥል፣ በመቀነቱ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቀርቶ እናኑ ደጅ ደረሰ። ደፉ ላይ ቅል አልነበረም።

«እትዬ እናኑ!»

ዝም።

ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ። የሰማው የራሱን ትንፋሽ ነው።

«እትዬ እናኑ!»

ዝም።

ሦስተኛውን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ከሦስተኛው ጥሪ በኋላ ዝም ካለች ሞታለች፤ ሦስተኛው ካልተጠራ ግን ምናልባት ተኝታ ይሆናል። ያ ምናልባት ከእጁ እንዳይወጣ ፈለገ። ግራዋውን አልጣለም። መልስ ስላልሰማ ውሃውንም አልቀዳም። በደጁ አልፎ ሄደ።

ባሻ «እናኑስ?» ቢሉት፣ «እሷ ጋ አልደረስኩም» አለ። አላዩትም እንጂ እጁ መቀነቱ ላይ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ባሻን ይዞ ሄደ። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ መልስ አልነበረም። ባሻ በሩን በትከሻቸው ቢገፉት መቀርቀሪያው አልያዘም፤ ወደ ጎን ተስቧል። በሩን የያዘው እርሷ ነበረች። ከመደቡ እስከ በሩ የተጎተተችበት ዱካ በመሬቱ ላይ ይታያል። አንድ እጇ መቀርቀሪያው ሥር፣ ሌላው ቅሉ ላይ ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ባሻ ተንበርክከው አንገቷን ዳሰሱ። ከዚያ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

«ትናንት ስንት ጠራህ?»

«ሁለት።»

«እሷም ሦስተኛውን እየጠበቀች ነበራ» አሉ ባሻ። እስኪሞቱም አልደገሙትም ይባላል።

በሽታው አልፎ የተረፈው ሰው በሩን ከፈተ። የእናኑ ቤት ግን ተዘግቶ ቀረ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንዳርጌ እንስራውን ተሸክሞ በዚያ ሲያልፍ፣ ከተዘጋው ቤት ስሙን ሰማ።

«አንዳርጌ!»

ቆመ።

«አንዳርጌ!»

ሦስተኛውን ጠበቀ። አልመጣም። በማግስቱም እንዲሁ፤ በማግስቱም። ሁለት ጊዜ ይጠራል፣ ዝም ይላል። ጆሮው እንዳልሆነ ያወቀው ዘነቡ አንድ ቀን ክንዱን ስትይዘው ነው።

«ሰምተሃል?»

«ሰማሁ።»

«አቤት እንዳትል! የእሷን ድምፅ ሰርቆ ነው። ሰው ቢሆን ሦስተኛ ይጠራ ነበር።»

አንዳርጌ ክንዱን አስለቅቆ ሄደ። እርሱ ራሱ ሰው ሆኖ ሦስተኛውን አልጠራምና።

መንደሩ ሁሉ ሰማ። ሴቶች መንገድ ቀየሩ፤ ልጆች ጀምበር ሳትጠልቅ ተሰበሰቡ። ቤቱ ይቃጠል ተብሎ ተመከረና ባሻም ተስማሙ። አንዳርጌ እህል ካፉ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ጉንጩ ከጥርሱ ተጣብቋል። «ዛሬን ብቻ ተዉልኝ» ብሎ ለመነ። ቤቱ ከተቃጠለ የሚጠራው ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ ሳይመልስላት ዘላለም ይኖራል። ከመለሰ ደግሞ ይሞታል፤ ይህን መንደሩም እርሱም አልተጠራጠሩም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንስራውን ሞልቶ በደፉ ፊት ቆመ። ቅሏን ይዟል። ሰዉ ራቅ ብሎ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ያያል።

«አንዳርጌ!»

ሁለተኛውን አልጠበቀም።

«አቤት!»

ዘነቡ «ራሱን ገደለ!» ብላ ጮኸች። እርሱ ግን ተንበርክኮ ውሃውን በቅሉ ቀዳ፤ ደፉ ላይ አስቀመጠው። «ዛሬ አላስጠበቅሁሽም፣ እትዬ» አለ። በዚያች ቅጽበት ከውስጥ የመቀርቀሪያ ድምፅ ተሰማ ይባላል፤ እንጨት በእንጨት ላይ ሲንሸራተት። በሩ በጥቂቱ ተከፈተ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

ሞቱን እዚያው ተቀምጦ ጠበቀ፤ ሞት አልመጣም። ሲነጋ ቅሉ ባዶ ነበር። ውሻ ጠጥቶት ነው የሚሉ አልጠፉም። ነገር ግን ቅሉ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ነበር ይባላል።

ሁለት ብቻ የጠራ ዕለት ያልጣላትን የግራዋ ቅርንጫፍ በደፉ አጠገብ ተከላት፤ ደርቃ ሳለች ጸደቀች ይላሉ። ቤቱን ማቃጠሉ ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ በራሱ ሲፈርስም ደፉን የነካ አልነበረም። አንዳርጌ ረጅም ዕድሜ ኖረ፤ ነጭ ጺም አበቀለ። ሰው ጥሪ ሰምቶ ዝም ሲል ካየ ይቆጣ ነበር። «የጠራህ ሰው ከሆነ መልስለት፤ ሰው ካልሆነም መልስለት። ዝምታው ይብሳል።» እንዲህ እያለ የአንድን መንደር ልማድ ለወጠ፤ መንደሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። እርሱ ሲሞት ጎረቤቶቹ ውሃውንም መልሱንም ወረሱ። ጀምበር ስትጠልቅ «አንዳርጌ!» የሚል ከተሰማ፣ ቅርብ ያለ ሁሉ «አቤት» ይላል፤ ሥራውንም ይቀጥላል።

ሰፈሩ ተከፍሎ ሲፈርስ ግራዋው ከአጥሩ ወዲያ ቀረ። አጥሩን የሚጠብቀው የሌላ አገር ሰው ነው። በቅርቡ አንድ ማለዳ ወደ ተረፉት ቤቶች መጥቶ፣ ደጃቸው ላይ ጎመን የሚከትፉትን እማማ ሙላቷን ጠየቃቸው።

«እናት፣ አንዳርጌ የሚባለው ማነው? አንዲት ሴትዮ ጀምበር ስትገባ ትጠራዋለች።»

እማማ ሙላቷ ቢላቸውን አስቀመጡ። «ስንቴ?»

«ሁለቴ። ከዚያ ዝም ትላለች።»

«አንተስ?»

«እኔ አንዳርጌ አይደለሁም!»

«እሱንማ አየሁ» አሉት። ተነሥተው ጆጋቸውን ሞልተው እጁ ላይ አኖሩለት። «ውሰድ። ደፉ ላይ አስቀምጥ። ስትጠራ አቤት በል።»

«ክፉ ነገር ቢሆንስ፣ እናት?»

«ውሃ የጠማው ነው።»

ያን ቀን ምን እንዳደረገ አልተናገረም፤ እማማ ሙላቷም አልጠየቁትም። በማግስቱ ማለዳ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ያዩ ሰዎች እንደሚሉት፣ ጆጉ በደፉ ድንጋይ ላይ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ነበር። ጥበቃው ሊሞላው ይዞት ሲሄድ፣ አንድ ሰው ከመንገድ ማዶ ስሙን ጠራው፤ ገና ሳይዞር «አቤት!» አለ።